ለልጅ ልደት በእጅ የተሠራ ስጦታ ይበቃል ወይ? የባሕር ዳር ወላጆች የተወያዩበት ረጅም ክር

ይህ ክር፣ ማለትም አንድ ጥያቄና መልሶቹ በተራ የተደረደሩበት የኢንተርኔት ውይይት፣ የተከፈተው ሐምሌ ላይ ነው። አሁን 34 መልስ ደርሷል። ብዙ ሰው ከመሃል እየገባ የመጀመሪያውን ጥያቄ ሳያነብ ይመልሳል። ስለዚህ ከላይ እስከ ታች አንብቤ በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው ወደድኩ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም። የራሴን ሐሳብም እየጨመርኩ ነው፤ ጉዳዩ ከልብ ያሳስበኛል።

ጥያቄውን ያነሣችው ፋሲሎ አካባቢ የምትኖር እናት ናት። ልጇ ጥቅምት ላይ ሰባት ዓመት ይሞላታል። አምና ልደቷን እንደ ሰፈሩ አከበሩላት። ኬክ ታዘዘ፣ ፊኛ ተነፋ፣ ሙዚቃ ተከፈተ። ልጆቹ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ ስጦታ ይዘው መጡ። አብዛኛው ፕላስቲክ ነበር፤ ሳምንት ሳይሞላው ተሰባበረ። ዘንድሮ ሌላ ነገር አስባለች። አያት ትንሽ ሙዳይ ይስፉላት፣ አባት የሽቦ መኪና ይሥራላት፣ እሷ ራሷ ደግሞ የልጅቷን ቀሚስ ልትጠልፍላት። እንግዶችንም ገዝታችሁ እንዳትመጡ ልትላቸው ነው። የጨነቋት ሁለት ነገሮች ናቸው። ሰው ቸገራቸው ይል ይሆን? ልጅቷስ በክፍል ጓደኞቿ ፊት ታፍር ይሆን?

1ኛው መልስ ከአንዲት አያት ነው። የምትጽፍላቸው የልጅ ልጃቸው ናት። ሐሳቡን ወደዱት፤ ወዲያው ግን ወደ ሥራው ገቡ። ሙዳይ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል ብሎ ማሰብ እንደማያዋጣ አስረዱ። ትንሽ ዕቃ ዙሩ ጠባብ ነው። ሰበዙ ቀጭን መሆን አለበት፣ ክዳኑም ከአፉ ጋር ልክክ ማለት አለበት። አዲሱ ስንደዶና አክርማ የሚገኘው ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ሲደርስ ነው። ያንን ከጠበቁ ጥቅምት ይደርስባቸዋል። ስለዚህ አምና የተቀመጠ ሣር ካለ ዛሬውኑ ይጀመር፣ ከሌለ ቅዳሜ ገበያ ወጥታ ትጠይቅ አሉ። ደረቅ ሣር እየተሰበረ ስለሚያስቸግር በውኃ እያራሱ መስፋት እንዳይረሳም አሳሰቡ። ስለ ይሉኝታው አንድም ቃል አልተናገሩም። የእሳቸው ጭንቀት የጊዜው ማጠር ብቻ ነበር።

2ኛው መልስ እንኳን አደረሳችሁ ብሎ ያለፈ ነው።

3ኛው የአንዲት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነው፤ በጣም ጠቅሞኛል። በክፍሏ ልደት ሲከበር ብዙ ጊዜ አይታለች። ኬክ የሚመጣላቸው ልጆች አሉ፣ የማይመጣላቸውም አሉ። የማይመጣላቸው ልጆች የልደታቸው ቀን ሲቀርብ ትምህርት ቤት መምጣት ይጠላሉ። ሐፍረቱን ከአዋቂ የሚማሩት እንጂ ከራሳቸው የሚያመጡት አይደለም ትላለች። አንድ ልጅ ከሽቦና ከቆርኪ የተሠራ መኪና ይዞ የመጣ ቀን ክፍሉ በሙሉ እሱን ከብቦ ነው የዋለው። የጠየቁትም ስንት ተገዛ ብለው አይደለም፤ ማን ሠራልህ፣ ለእኔስ ይሠራልኛል ወይ እያሉ ነው። 4ኛው መልስ ይህን ደገፈ፤ አዲስ ነገር ግን አልጨመረም።

5ኛው ላይ ድምፁ ትንሽ ተለወጠ። ጸሐፊው ተወልዶ ያደገው ባሕር ዳር ነው፤ አሁን የሚኖረው ሌላ ከተማ ነው። የድሮ ዕቃ ናፍቆት የአዋቂ ስሜት እንጂ የልጅ ፍላጎት አይደለም ባይ ነው። ለሰባት ዓመት ልጅ መጽሐፍ፣ የሚገጣጠም መጫወቻ፣ አቅም ካለም ታብሌት መስጠት ይሻላል አለ። በጨዋ አነጋገር ነው የጻፈው። 6ኛው መልስም በጨዋነት፣ መጽሐፉም ሙዳዩም አብረው ሊሰጡ እንደሚችሉ አስታወሰው።

7ኛው መልስ ስፌት ከምትሸጥ ሴት ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ ክሩ ውስጥ አላየሁም። ነገሩን በሒሳብ አየችው። አንዲት ሴት ሙዳይ ስትሰፋ የምታሳልፈው ቀን በቀን ሠራተኛ ዋጋ ቢታሰብ፣ ከሱቅ ከሚገዛው አሻንጉሊት ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሣሩ አለ፣ ቀለሙ አለ፣ ቀለሙ የሚፈላበት ማገዶ አለ። ስለዚህ በእጅ የተሠራ ስጦታ የሰጠ ቤት ውድ ነገር ሰጠ እንጂ አልቸገረውም። ቀጥላ ምሬቷን ተናገረች። መሶብና አገልግል ሊገዛ የሚመጣ ሰው ሱቅ ገብቶ የፕላስቲክ ዕቃ በተጠየቀው ዋጋ ይገዛል፤ እሷ ጋ ሲደርስ ግን ግማሹን ካላወረድሽ ይላል። ይህን ስታነቡ የምታፍሩ ካላችሁ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ማስተካከል ትችላላችሁ።

8ኛው መልስ ከሷ ሒሳብ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ደረሰ። ጻፊዋ መናኸሪያ አካባቢ ሻይ ቡና የምትሸጥ እናት ናት። ጎሕ ሳይቀድ ትወጣለች፣ ቤቷ የምትገባው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው። ለመጥለፍም ለመስፋትም ጊዜ የላትም። እናቷ ገጠር ናቸው። ለልጇ የምትገዛው ርካሹን የፕላስቲክ ኳስ ነው። ልጇ በኳሱ ደስ ብሎታል፤ እንግዲህ እኔ ጥፋተኛ ነኝ ወይ ብላ ጠየቀች። አይደለችም። እስከዚያ ድረስ የጻፍነው ሁላችን ጊዜ ያለን ሰዎች መሆናችንን ያሳየችን እሷ ናት።

9ኛው ግን ስልኩን ያስቀመጠ ሰው ጊዜ አያጣም አላት። ይህ ክፉ መልስ ነው። 10ኛው መላሽ አልታገሠውም። ቀኑን ሙሉ ቆማ ለምትሠራ ሴት እንዲህ የሚናገር ሰው አንድ ቀን እሷ ቦታ ቆሞ ሲኒ ይጠብ አለው። ከዚህ በኋላ ክሩ ጋለ።

11ኛዋ ጸሐፊ ስለታም ናት። የመጀመሪያውን ጥያቄ እንደገና እንድናነብ አዘዘችን። ሙዳዩ በአያት፣ ጥልፉ በእናት፤ ከአባት የሚጠበቀው አንድ የሽቦ መኪና ብቻ። የእጅ ሥራ ይመለስ ስንል ሴቶች ከሥራ በኋላ ሌላ ሥራ ይጨመርባቸው ማለታችን ከሆነ ይቅርብን አለች። እሷ ልጅ ሳለች ስፌት የተማረችው ወዳ አልነበረም። ወንድሞቿ ኳስ ሲጫወቱ እሷ ወስፌ ይዛ ትቀመጥ ነበር። አንዳንዶች ይህን እንደ ስድብ ቆጠሩት። እኔ ግን እውነት አለው እላለሁ። ፍቅር ያለው ሥራ እንኳ ለአንድ ወገን ብቻ ሲሆን ሸክም ይሆናል።

12ኛው መልስ ረጅሙ ነው፤ ማሳጠር አልፈለግሁም። የጻፈው የሸማኔ ልጅ ነው። ለ11ኛዋ ሲመልስ፣ በእነሱ ቤት ሥራው የሁለቱም ወላጆች እንደነበር ተናገረ። እናቱ ጥጡን ትዳምጣለች፤ ፍሬው ይወጣል። ጥጡ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው በእንዝርት ይፈተላል። ከዚያ በኋላ ነው አባቱ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ድርና ማጉን አገናኝቶ የሚሸምነው። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ብዙ ክር ይበላል፤ የአንድ ጋቢ ፈትል ወራት ሊወስድ ይችላል። እሱ አሥር ዓመት ሲሞላው አባቱ ከተራረፈ ክር ለእሱ ቁመት የሚሆን ትንሽ ጋቢ ሸመነለት። የልደት ስጦታ ተብሎ አልነበረም፤ ቀኑ ግን ገጠመ። ጋቢውን ለብሶ ሲወጣ የሰፈር ልጆች በአባቱ ሙያ ሰደቡት። ቤት ተመልሶ ጋቢውን አወለቀው፤ ሁለተኛ ውጭ ለብሶት አያውቅም። አሁን እነዚያው ልጆች አድገው፣ ለልጆቻቸው ልደት ባህላዊ ልብስ ለብሰው ፎቶ ይነሣሉ። እሱ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። ዕቃውን ከወደዳችሁት የሠራውንም ሰው አክብሩ።

13ኛው መልስ ያ ጊዜ አልፏል ብሎ ሊያረጋጋው ሞከረ። 14ኛው ግን አላለፈም አለ። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር አዋጅ ማስነገራቸውን አስታውሶ፣ ከአዋጁ በኋላም ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ፋቂውና ሸማኔው ስንት ዘመን በስድብ እንደኖሩ ጠቀሰ። ጣና ዳር ታንኳ የሚሠሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ዛሬም በንቀት እንደሚታዩ ጨመረ። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ የ12ኛውን መልስ ግን ሁሉም ወላጅ ለልጁ እንዲያነብለት እለምናለሁ።

ከ15 እስከ 17 ያሉት መልሶች ወደ ምግብ ሄዱ። የልጁ ልደት ፍልሰታ ላይ የሚውልበት አባት እንቁላልና ወተት የሌለው ኬክ የት እንደሚገኝ ጠየቀ። አንዷ ድፎ ዳቦ ምን ጎደለው አለችው። በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ከላይም ከታችም እሳት ተደርጎለት የበሰለ ድፎ የጾም ነው፣ ለብዙ ልጅ ይበቃል፣ ሻማም ይተከልበታል። ከዚያ ጥቁር አዝሙድ ይግባ አይግባ በሚል ትንሽ ተከራከሩ። ይግባ።

18ኛው መልስ ከርዕሱ የወጣ መስሎ ሳለ ተመልሶ ገባ። የአንድ አባት ልጅ የተወለደው ጳጉሜን 6 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። ጳጉሜን ስድስት ቀን የምትሆነው ዘመነ ሉቃስ ሲያበቃ፣ በአራት ዓመት አንዴ ነው። ስለዚህ ልጁ የራሱን ቀን በትክክል ያገኘው በ2015 ብቻ ነው፤ ቀጣዩ በ2019 ነው። በሌላው ዓመት መቼ ይከበርለት? 19ኛው መላሽ ፈጥኖ በፈረንጅ ቀን ቁጠሩለት አለ። 20ኛዋ አረመችው። ልጁ የተወለደበት ቀን በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ ያ ቀን በአብዛኛው ዓመት መስከረም 1 ላይ ይውላል፣ ከእንቁጣጣሽ ጋር ይደባለቅበታል። እሷ ያቀረበችው ሐሳብ አምሮኛል። ጳጉሜን 5 ማታ ይከበርለት። ያን ጊዜ የሰፈሩ ልጃገረዶች እንግጫ ነቅለው ይጎነጉናሉ፣ አደይ አበባ ይሰኩበታል። እኅቶቹ አንዱን ለእሱ ራስ ይጎንጉኑለት። አንድ ሰው እንግጫ የሴት ልጆች ነው ብሎ ተቃወመ፤ ይህ 21ኛው ነው። አባትየው ግን የሚጎነጉኑት ሴቶቹ ናቸው፣ የሚደረግለት ልጄ ነው ብሎ በደስታ ተቀበለ።

22ኛው የጻፈው ዘጌ ያደገ ወጣት ነው። ልጅ ሳለ መጫወቻው ከደንገል የተሠራች ትንሽ ታንኳ ነበረች። ስለ አሠራሩ በፍቅር ጻፈ። ደንገሉ ተቆርጦ ይደርቃል፣ ተጠቅልሎ ይታሰራል፣ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀና ዘንድ ይጎተታል። ትልቁም ታንኳ ቢሆን ውኃ ስለሚጠጣ ከሥራ በኋላ ወጥቶ መድረቅ አለበት፤ ዕድሜውም አጭር ነው። እነዚያን ትንንሽ ታንኳዎች ዛሬ ለጎብኚ ሲሸጡ ያያል። ለምን ለልጆቻችን ልደት አንገዛቸውም ብሎ ጠየቀ። 23ኛው መላሽ፣ ሲገዙም ልጁን ይዞ ሠሪው ዘንድ መሄድ ይሻላል አለ፤ ልጅ እጁ ሲሠራ ያየውን ሰው አይንቅም። ይህ ለ12ኛውና ለ14ኛው መልስ ይሆናል።

24ኛዋ እምቦጭን አመጣች። ሐይቁን የወረረው አረም ግንዱ ሲደርቅ ይጎነጎናል፣ በሌሎች አገሮች ቅርጫትና ወንበር ይሠሩበታል፤ እኛስ አለች። 25ኛው መላሽ ጠንከር አድርጎ አስጠነቀቃት። እርጥቡን እምቦጭ ይዞ ከቦታ ቦታ መሄድ አረሙን ወደ ሌላ ውኃ ማዛመት ነው። የሚሠራበት ካለ እዚያው ዳር ላይ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ፤ ልጆች ከውኃው ጎትተው ወደ ቤት እንዳያመጡት ይነገራቸው።

26ኛዋን ጸሐፊ ሳነብ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት አክስቷ ያልተጨረሰ ዳንቴል ሰጠቻት። ኪሮሹ ተሰክቶበታል፣ የክሩ ድቡልቡልም አብሮ አለ። ልጅቷ መጀመሪያ አኮረፈች። ስጦታ እንዴት ሳያልቅ ይሰጣል? አክስቷ ግን ክረምቱን በሙሉ እየመጣች አብረው ሠሩት። የአክስቷ ዙር እኩል ነው፣ የእሷ አንዱ ላላ አንዱ ጠበቅ ያለ ነው፤ የማን እጅ የት እንደጀመረ ዛሬም ይታያል። ዳንቴሉ ቤታቸው የቴሌቪዥን መደርደሪያ ላይ ነው። አሁን ለጓደኞቿ እየሠራች ትሸጣለች፣ የደብተር ወጪዋን ትሸፍናለች። ለ11ኛዋ ጸሐፊም በአክብሮት መለሰችላት። የእኔ ወንድምም ከእኔ ተምሮ የራሱን ኮፍያ ሠርቷል አለቻት። 11ኛዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ለስለስ ብላ አመሰገነቻት፤ ይህ 27ኛው መልስ ነው።

28ኛው ጸሐፊ ሙስሊም ነው። በእነሱ ቤት ልደት አይከበርም። ልጅ ሲወለድ በሰባተኛው ቀን አቂቃ ይታረዳል፣ ስም ይወጣል። ከዚያ በኋላ የልጁ ቀን ተብሎ በየዓመቱ የሚቆጠር ነገር የለም። ነገር ግን እናቱ ለየልጅ ልጆቻቸው በየዒዱ በኪሮሽ የተሠራ ነጭ ኮፍያ ይሰጣሉ፤ የእያንዳንዱን ልጅ ራስ በክር ለክተው ነው የሚሠሩት። የሚያከብሩትን ቀን ሁሉም በየቤቱ ይምረጥ፣ የእጅ ሥራው ግን የሁላችንም ነው አለ። 29ኛዋ ጸሐፊም ልደት ለእኛም አዲስ ነው አለች። ድሮ የሚከበረው የክርስትናው ቀን ነበር፤ ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ። አያቷ የተወለዱበትን ዓመት አያውቁም። የሚያውቁት የጥቅምት ሚካኤል ማግሥት መሆኑን ብቻ ነው። ቤተሰቡም ጥቅምት 13ን ይዞ አሁን በየዓመቱ ያከብርላቸዋል። ስጦታቸውን የሚሠሩት የልጅ ልጆቻቸው ናቸው። በዚያ ቤት ነገሩ ተገላብጧል፤ ደስ ይላል።

30ኛው የለም። የልደት ዲኮር ማስታወቂያ ስለነበር ተነሥቷል።

31ኛው መልስ የጠያቂዋ ነው። ሁሉን አንብባ ሐሳቧን አስተካክላ መጣች። ሙዳዩን ለልጇ አልቆ አይሰጣትም። አያት መሠረቱን ጀምረው ጥቂት ዙር ይሄዳሉ፤ የልደቷ ቀን ከነወስፌው፣ ከነሣሩ ይሰጣታል። የቀረውን በየእሑዱ አብረው ይሰፉታል። አባትም ልጁን አስቀምጦ የሽቦ መኪናውን እሷ እያየች ይሠራል፤ ጎማውን የምትሰካው እሷ ናት። እንግዶችን አትግዙ ማለቱን ትታዋለች። የ8ኛዋ እናት ልጅ ኳስ ይዞ ቢመጣ በደስታ ይቀበሉታል። ጭራሽ እናትና ልጅ ሁለቱንም ለልደቱ ጠራቻቸው።

32ኛው የመጀመሪያዋ አያት ናቸው። እቅዱን መረቁት፤ አንድ ነገር ብቻ ጨመሩ። ልጅቷ የሰፋችው ዙር ቢጣመምም ማንም ሌሊት ተነሥቶ እንዳያቃናው። ልጅ የራሱን ጠማማ ዙር ያውቀዋል፤ ጠዋት ተነሥቶ ቀንቶ ሲያገኘው አይወድም።

33ኛው መልስ የአንድ አባት ጥያቄ ነው። ሁለት ወንዶች ልጆች አሉት፤ አምስትና ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ከየት ልጀምር አለ።

34ኛው የእኔ ነው። እንዲህ ብዬ መለስኩለት። ለአምስት ዓመቱ መርፌም ወስፌም አይሰጥም። ትልቅ ቀዳዳ ያላቸው ዶቃዎችና ወፍራም ክር ይበቁታል፤ የጨርቅ ኳስ ሲጠቀልሉም ክሩን ይያዝ። ለዘጠኝ ዓመቱ የራሱን ቁልፍ መትከል ይማር፣ ቀጥሎ ኪሮሽ። ሽቦ ሲቆረጥ ጫፉ ዓይን ይወጋልና ፒንሳውን አባት ይያዝ። በየልደቱ አንድ አዲስ ሙያ ይጨመርለት፤ መሣሪያውም የዚያ ዓመት ስጦታ ይሁን። ልደት በዓመት አንዴ የማይቀር ቀን ስለሆነ፣ ነገ እናስተምረዋለን እየተባለ የቀረውን ሙያ ማስጀመሪያ ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም። ዕድሜውን በቁጥር ብቻ አንጻፈው፤ በሚያውቀው ሥራም ይቆጠር።

ያልተመለሰ አንድ ነገር አለ። የ12ኛው ጸሐፊ እናት ደጋኑን እስካሁን አስቀምጠውታል። ጥጥ ሲነደፍ ለልጆች ለማሳየት ፈቃደኛ ናቸው፤ ቤታቸው ግን ጠባብ ነው። ሽምብጥ ወይም ግሽ ዓባይ አካባቢ ሰፋ ያለ ግቢ ያላችሁ፣ ለአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ብታውሱን ከታች ጻፉልኝ። ጥጡን እኛ እናመጣለን።